የባለሥልጣን የሥራ ታሪክ ሲጻፍ ዓመቱ ለምን ይፋለሳል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት የአክሊሉ ሀብተ ወልድን የሥራ ታሪክ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ ጽሑፍ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት በ1953 ነው ይላል፤ ሌላው በ1961 ይላል። ደግሞ አንዴ «ጸሐፌ ትእዛዝ»፣ አንዴ «ጠቅላይ ሚኒስትር» ይባላሉ። የትኛውን ልያዝ? የዛሬ ሚኒስትሮችንስ ታሪክ እንዴት አጣራለሁ?

መልስ፦ ሁለቱም ዓመት ልክ ነው፤ 1953 በእኛ፣ 1961 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ጽሑፍዎን ሲጀምሩ አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው በዚያው ይጻፉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8 ዓመት ነው። ብዙ ሰው ወሩን ሳያይ ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ ዝም ብሎ 8 ይቀንሳል፤ ስህተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አክሊሉ ሥልጣን የለቀቁት በየካቲት 1966፣ የተገደሉት ኅዳር 14 ቀን 1967 ነው። በፈረንጆቹ ሁለቱም 1974 ላይ ይወድቃሉ። ለኅዳሩም ከ1974 ላይ 8 የቀነሰ ሰው ግድያውን 1966 ያደርገዋል፤ ያኔ አብዮቱ ገና አልፈነዳም።

ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤና ትእዛዝ የሚያዘጋጀው የጽሕፈት ሚኒስትር ማዕረግ ነው። አክሊሉ ያገኙት በ1950 ሲሆን ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላም አብሯቸው ቆይቷል። ስለዚህ ማዕረጉን ከስም በፊት፣ ሹመቱን ከነዓመቱ ለብቻ ይጻፉ። ከዚህ ይልቅ አብዝተን የምንመክርዎ የሹመቱን ክብደት እንዲገልጹ ነው፤ አንባቢ ሰውየውን የሚመዝነው በዚህ ነውና። እስከ 1958 ሚኒስትሮችን የሚመርጡት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። በዚያ ዓመት ነው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን መርጦ እንዲያቀርብ የተፈቀደለት። በ1954ና በ1960 አክሊሉ የያዙት ወንበር ስሙ አንድ ቢሆንም ሥልጣኑ አንድ አልነበረም።

በስምም ይጠንቀቁ። ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው አባት ናቸው፤ አክሊሉን በየካቲት 1966 የተኩት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ደግሞ ልጃቸው። ሁለቱም ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። የአባትን ስም አስቀድሞ በሚጽፍ የውጭ መጽሐፍ ማውጫ ውስጥ አባት ልጅ፣ ልጅ አባት ይሆናሉ። በዓመቱ ይለዩአቸው።

ለዘመኑ አዋጆችና ትእዛዞች ከመጋቢት 1934 ጀምሮ የወጣውን ነጋሪት ጋዜጣ ያገላብጡ። በፈረንጅኛ የተጻፈ ግለ ታሪክ ላይ ብቻ ከተደገፉ ማዕረጉ ተተርጉሞ ይመጣና የትኛው ሹመት እንደሆነ አይለይም።

የዛሬ ሚኒስትሮችን በተመለከተ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩዎቹን ያቀርባል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። መያዝ ያለብዎ የጸደቀበትን ቀን ነው፤ በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ይገኛል። ሚኒስትር ዴኤታ ግን ለምክር ቤት አይቀርብም፤ የሚሾመው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የመሥሪያ ቤቱንም ስም ባለሥልጣኑ በነበረበት ዘመን በሚጠራበት ይጻፉ፤ ባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ተከፍሎ ቱሪዝም ለብቻው፣ ባህል ደግሞ ከስፖርት ጋር ሆኗል። በ2010 የነበረን ሚኒስትር «የቱሪዝም ሚኒስትር» ካሉት ያልነበረ ወንበር ሰጡት።