«ፔርድ» ይላል፣ ኪሎው ግን አይመጣም

ጥያቄው፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ባለ የቡና መጋዘን መዝጋቢ ነኝ። የጆንያው ሚዛን ከቢሮዬ 12 ሜትር ያህል ይርቃል። ኪሎውን ወደ ላፕቶፔ የሚያመጣው ገመድ ጋሪ እየሄደበት ስለተበጠሰ፣ ሲሪያሉን (ሚዛኑ ቁጥር የሚልክበትን የሽቦ መስመር) ወደ ብሉቱዝ የሚቀይር ባለ 9 ፒን አዳፕተር ገዛሁ። ላፕቶፑ ‹ፔርድ› ይላል፤ ቁጥር ግን አይመጣም። ጓደኛዬ መሃል ላይ ሌላ አጭር ገመድ አስገብቶ ሲሞክረው መምጣት ጀመረ። ግን 60.5 በትክክል ይታያል፣ 71.2 ደግሞ ‹·±.²› ሆኖ ይመጣል። የመዝገብ ፕሮግራማችን ጭራሽ አልቀበለውም። ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በማግስቱ እንደገና ዝም አለ። አዳፕተሩ ተበላሽቶ ይሆን?»

አዳፕተሩን አትጣለው፣ ደህና ነው። የተበላሸ ዕቃ 60.5ን እንዲህ አጥርቶ አያመጣም። የተደራረቡብህ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን መነካካት ነው ሰውን የሚያደክመው።

ኪሎው ከሚዛኑ ተነስቶ መዝገብህ ላይ እስኪሰፍር ሦስት ቦታ ያልፋል፦ ከሚዛኑ ማሳያ እስከ አዳፕተሩ በሽቦ፣ ከአዳፕተሩ እስከ ላፕቶፑ በብሉቱዝ፣ ከላፕቶፑ ኮም ፖርት (ፕሮግራሙ ቁጥሩን ከሚቀበልበት በር) እስከ ፕሮግራሙ። «ፔርድ» የሚለው ስለ መሃለኛው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሁለቱ ተዋውቀዋል ማለቱ እንጂ መስመሩ ተከፍቷል ማለቱ አይደለም። መስመሩ የሚከፈተው አንድ ፕሮግራም ኮም ፖርቱን ሲከፍት ነው። ስለዚህ «ፔርድ» ብሎ «ኮኔክትድ» አለማለቱ አያስደንግጥህ።

መሃለኛውን ለብቻው ፈትነው። አዳፕተሩን ከሚዛኑ ንቀልና በዩኤስቢ ቻርጀር አብራው። 2 ቁጥርና 3 ቁጥር ፒኖቹን በአጭር ሽቦ አገናኛቸው፤ ቁጥሮቹ ፕላስቲኩ ላይ ከየፒናቸው ጎን በጣም ደቃቅ ሆነው ተቀርጸዋል፣ በስልክህ መብራት ታያቸዋለህ። ላፕቶፑ ላይ የብሉቱዝ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ «ሞር ብሉቱዝ ኦፕሽንስ» የሚለውን ክፈት፤ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ «ሞር ብሉቱዝ ሴቲንግስ» ይለዋል። እዚያ «ኮም ፖርትስ» የሚል አለ። ብዙ ጊዜ ለአንድ አዳፕተር ሁለት ፖርት ታያለህ፣ አንዱ «ኢንካሚንግ» ሌላው «አውትጎዪንግ»። ያንተ አውትጎዪንጉ ነው። ኢንካሚንጉን የመረጠ ሰው ሙሉ ቀን ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ምንም አያገኝም። አውትጎዪንጉን በፑቲ ወይም በቴራ ተርም (በፖርቱ የሚያልፈውን ጽሑፍ በሚያሳዩ ፕሮግራሞች) ክፈትና ጥቂት ፊደል ጻፍ። የጻፍከው ተመልሶ ከታየ፣ ሽቦውን ስትነቅል ደግሞ መታየቱ ከቆመ፣ ብሉቱዙ ደህና ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ብሉቱዝ ሴቲንግ አትመለስ።

አሁን ወደ ሽቦው። ጓደኛህ ያስገባው አጭር ገመድ ክሮስ፣ ማለትም 2 እና 3 ቁጥር ሽቦዎቹ የተቀያየሩበት፣ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ሳይገባ ሚዛኑም አዳፕተሩም በአንድ ፒን ላይ ይናገሩ ነበር ማለት ነው፣ አድማጭ አልነበረም። ይህን በቴስተር ማረጋገጥ ይቻላል። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርግ፣ ጥቁሩን 5 ቁጥር ፒን ላይ ያዝ፣ ቀዩን አንዴ 2 አንዴ 3 ላይ ንካ። ሥራ ላይ ያልሆነ ሲሪያል መስመር ኔጌቲቭ ነው የሚቀመጠው፤ −5 እስከ −12 አካባቢ የምታነብበት ፒን ያ ዕቃ የሚናገርበት ነው፣ ሌላው ወደ 0 ይጠጋል። ሚዛኑንም አዳፕተሩንም ለየብቻ ለካ። የሚናገሩበት ቁጥር አንድ ከሆነ ክሮስ ገመድ፣ ከተለያየ ቀጥታ ገመድ። ክሮሱን ታይዋን ገበያ ካጣህ ሁለት ባለ 9 ፒን ሶኬት ገዝተህ 2ን ከ3፣ 3ን ከ2፣ 5ን ከ5 በየድ፤ ለሚዛን ሦስት ሽቦ ይበቃል። በሦስት ሽቦ ከሄድክ ግን አዳፕተሩም ፕሮግራሙም ላይ «ፍሎው ኮንትሮል» የሚለውን አጥፋው፣ አለበለዚያ የሌለ ሽቦ እየጠበቀ ይቀራል።

አንድ ጥንቃቄ፦ አንዳንድ ማሳያ ከጀርባው ሁለት ተመሳሳይ ሶኬት አለው፣ አንዱ ከሚዛኑ ሳህን ሥር ያለው፣ ክብደቱን የሚለካው ሎድ ሴል የሚሰካበት ነው። እዚያ ላይ አዳፕተር እንዳትሰካ።

ደስ ያለኝ ‹·±.²› የምትለዋ ናት። ምልክቶቹን እንዳሉ ባትልክልኝ ኖሮ እኔም በግምት ነበር የማወራው። ባውድ ሬቱ (ቁጥሩ የሚላክበት ፍጥነት) ተሳስቶ ቢሆን 60.5ም አይተርፍም ነበር፣ ሁሉም ይበላሻል። ግማሹ ትክክል ግማሹ ምልክት ከሆነ ጣጣው ፓሪቲ ነው። ሚዛንህ እያንዳንዱን ቁጥር በ7 ቢት (እያንዳንዱ ቢት 0 ወይም 1 ነው) ይጽፍና ስምንተኛውን ለቁጥጥር ይጨምራል፤ የ1ዎቹ ብዛት ሁልጊዜ ተጋማሽ እንዲሆን ሲያስፈልግ 1 ያደርገዋል። 0፣ 3፣ 5፣ 6 እና 9 ከመነሻው የ1ዎቻቸው ብዛት ተጋማሽ ስለሆነ ጭማሪው 0 ነው፣ እንዳሉ ያልፋሉ። ነጥቧም እንደዚያው። 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 8 ግን 1 ይጨመርባቸዋል። አዳፕተርህ ስምንቱንም ቢት እንደ አንድ ፊደል ስለሚያነብ 7 «·»፣ 1 «±»፣ 2 «²» ሆኑ። 60.5 ላይ ካሉት ውስጥ አንድም የሚነካ ስለሌለ ነው ጨዋ መስሎ የታየህ፤ 65.3ም ብትመዝን በትክክል ይመጣል።

ፕሮግራሙ ጭራሽ ያልተቀበለህም ከዚሁ የተነሳ ይመስለኛል። ሚዛኑ ከእያንዳንዱ ኪሎ በኋላ «መስመሩ አለቀ» የሚል የማይታይ ምልክት ይልካል። ይህ ካሪጅ ሪተርን የሚሉት ምልክት ሦስት 1 ስላለው እሱም ይቀየራል። ፕሮግራሙ ያንን ምልክት የሚጠብቅ ከሆነ መስመሩ መቼም አያልቅለትም፣ ስለዚህ ምንም አይመዘግብም።

መፍትሔው አንዱን ጫፍ መቀየር ነው፣ ሁለቱንም አይደለም። እኔ ብሆን ሚዛኑን ነው የምቀይረው፦ በማሳያው ሜኑ ውስጥ የሲሪያሉን ክፍል ፈልግና 7 ቢት ኢቭን (ተጋማሽ) ፓሪቲ ያለውን ወደ 8 ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ስቶፕ ቢት አድርገው። የካሊብሬሽኑን ክፍል ግን አትንካ፣ ማኅተም ካለው ደግሞ ጭራሽ። ሜኑው ይህን የማይፈቅድ ከሆነ አዳፕተሩን በራሱ ማስተካከያ ፕሮግራም ወይም ጎኑ ላይ ባሉት ትንንሽ ስዊቾች ወደ 7 ቢት ኢቭን አምጣው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ላፕቶፑ ላይ ያለውን ቁጥር መቀያየሩ ነው። በብሉቱዝ ኮም ፖርት ላይ 9600 ብትል 4800 ብትል፣ አብዛኞቹ አዳፕተሮች ዘንድ አይደርስም። ሽቦው የሚሠራበት ፍጥነት አዳፕተሩ ውስጥ የተቀመጠው ነው።

የመብራቱ ጉዳይ ቀላል ነው፣ ግን ካልተያዘ በየጊዜው ያሰለችሃል። ማሳያው የራሱ ባትሪ ካለው መብራት ሲጠፋ ቀጥ ብሎ ይሠራል፣ ኪሎውም ይታያል፤ ቻርጀር ላይ ያለው አዳፕተር ግን ይጠፋል። መብራት ሲመጣ አዳፕተሩ ቢነሳም ፕሮግራሙ የድሮውን መስመር ይዞ እንደተከፈተ ይቆጥረዋል። ፖርቱን ዘግተህ ክፈተው፤ ካልሆነ ፕሮግራሙን አጥፍተህ አብራ። ፕሮግራሙን የሠራላችሁን ሰው መስመር ሲቋረጥ ራሱ መልሶ እንዲከፍት አድርግ በሉት። ፓወር ባንክ ላድርግለት ካልክ፣ አቦ፣ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ጥቂት ከረንት የሚወስድ ዕቃ ሲሰካባቸው ምንም የለም ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚተካ ትንሽ ዩፒኤስ ይሻልሃል።

12 ሜትሩን በተመለከተ፣ ተራው የብሉቱዝ ዕቃ 10 ሜትር አካባቢ የተባለለት ነው፤ ክላስ 1 የሚባለው በክፍት ቦታ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ያንተ አንዴ መጥቶልሃል፣ ግን ጆንያው እስከ ጣሪያ ሲቆለል መቆራረጥ ሊጀምር ይችላል። አዳፕተሩን ማሳያው ጀርባ ብረት ላይ ለጥፈህ አትተወው፤ በአጭር ገመድ ከፍ አድርገህ፣ ከቆርቆሮም ራቅ አድርገህ እሰረው። የመጋዘኑ ባለቤት ሲሚንቶውን ለመስበር ፈቃደኛ ከሆነ ግን የእኔ ምርጫ ቱቦ ቀብሮ ሽቦ መመለስ ነው። ለተራ ሲሪያል ሽቦ እስከ 15 ሜትር የተለመደ ርቀት ነው፣ ጋሪም ቱቦን አይበጥስም።

የአዳፕተሩ የብሉቱዝ ይለፍ ቁጥር 1234 ከሆነ ቀይረው። አብዛኛው እንዲህ ያለ አዳፕተር በአንድ ጊዜ የሚያናግረው አንድ መሣሪያ ብቻ ስለሆነ፣ የአንዱ ሠራተኛ ስልክ ቀድሞ ከያዘው ላፕቶፕህ ይዘጋበታል።

ይህን አይታችሁ በርካሽ ልሥራው ለምትሉ፦ ኤችሲ-05 የሚባለው ራቁት ሞጁል በ3.3 ቮልት የሚያወራ ነው። ከሚዛኑ ሶኬት ጋር በቀጥታ ብታገናኙት ይቃጠላል፣ መሃል ላይ ማክስ-3232 የሚባል ቺፕ ያለበት የቮልት መቀየሪያ ያስፈልገዋል። አይፎን ያላችሁም በተራ ሲሪያል ብሉቱዝ አትድከሙ፣ አንድሮይድ ይሠራል።

ፓሪቲውን አስተካክለህ ከ1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 8 ውስጥ ያሉበትን ኪሎ መዝን። አሁንም ምልክት ከመጣ፣ የመጣውን እንዳለ ገልብጠህ፣ ከ2 እና ከ3 ፒን ያነበብከውን ቮልት ጨምረህ ላክልኝ።