ሕግ የፈቀደውን ጋብቻ ቤተ ክርስቲያን ለምን ትከለክላለች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከአንድ ልጅ ጋር ሦስት ዓመት ቆይተናል። ባለፈው ወር ሽማግሌ ላከ። እናቴ የእናቱን ስም ስትሰማ ክው አለች። ለካ እኔን ክርስትና ያነሳችኝ እሷ ናት። ድሮ ሳሪስ ጎረቤት ነበሩ፤ ቤት ከቀየሩ ወዲህ ተጠፋፍተዋል። የንስሐ አባቴ «አይሆንም» አሉኝ። ወንድሜ ደግሞ «የሥጋ ዝምድና የላችሁም፤ ሕግ ካልከለከላችሁ ማን ይከለክላችኋል? ሄዳችሁ ፈርሙ» ይለኛል። የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዬ እንዲያውም መንግሥት ራሱ እንዲህ ያለውን ጋብቻ መከልከል አለበት ትላለች። ማንኛቸው ናቸው ልክ? ወለተ ማርያም ነኝ።

መልስ፦ ወለተ ማርያም እኅቴ፣ ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም። ሁለታችሁም አጥፍታችሁ የመጣ ነገር አይደለምና በራስሽ አትፍረጂ።

መልሱን አላድበሰብስብሽም። ነገሩ እናትሽ እንዳለችው ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ተክሊል አታደርስላችሁም። የንስሐ አባትሽ የነገሩሽ እውነት ነው። ጌታ ለኒቆዲሞስ ሰው ከውኃና ከመንፈስ ይወለዳል አለው። ይህን ልደት እኛ እንደ ልደት እንቆጥረዋለን፤ ለወግ ያህል የምንለው አይደለም። በ80 ቀንሽ ከውኃው ስትወጪ የተቀበለችሽ ሴት እናትሽ ሆናለች። ከእናትሽ ጋር አበልጅ ተባብለዋል። ልጇም ወንድምሽ ነው። አበልጅ ቤት በር ሳያንኳኩ የሚገባበት ቤት ነው። ልጆች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። አባቶች በዚያ ቤት ውስጥ የጋብቻ ዓይን እንዳይገባ አጥር ያጠሩት ለዚህ ነው። እናንተ ግን አብራችሁ አላደጋችሁም። ሕመሙ እዚህ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ።

ወንድምሽ ስለ ሕጉ ያለው ትክክል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው ማለቴ ነው፣ የክርስትና ዝምድናን አያነሳም። ወንድ እኅቱን፣ አክስቱን፣ የሚስቱን እኅት እንዳያገባ ይከለክላል። ወላጅና ልጅማ ከቶም አይታሰብም። የአጎት ልጅን ግን አልከለከለም። አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ሕጉ ሦስተኛው ላይ እንኳ ሳይደርስ ያቆማል። ስለዚህ ሄዳችሁ ብትፈርሙ ፖሊስ አይመጣባችሁም። በመንግሥት ፊት ባልና ሚስት ትሆናላችሁ። ከቅዱስ ቁርባን ግን ትርቃላችሁ። ወንድምሽ ያልነገረሽ ይህን ነው።

ጓደኛሽን ግን አልደግፋትም። ቅንዓቷ ደስ ይላል፤ ሐሳቡ ግን አይሆንም። እናንተ ብሎክ ላይ ሙስሊሙም ጴንጤውም አለ። እነሱ በእኛ የክርስትና ዝምድና የሚታሰሩት በምን ዕዳቸው ነው? ሕገ መንግሥቱም መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ፖሊስ የሚያስጾመው ጾም ጾም አይደለም። ይህን አጥር የምንጠብቀው አምነን ነው እንጂ ተገደን መሆን የለበትም።

ደግሞ ሕጉ ከእኛ ቀድሞ የቆመበት ቦታም አለ። ይህን ስናገር ልቤ ይከብዳል። ወጣት ዲያቆን ሳለሁ ገጠር አንድ ሠርግ ላይ ዘምሬአለሁ። ሙሽራዋ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ዝም ብላለች። እኔ ከበሮ መታሁ። ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ትዳር ነበር። አሁን ለወንድም ለሴትም 18 ነው። ፍትሕ ሚኒስትሩ በከባድ ምክንያት ካልፈቀደ በቀር፣ እሱም ከ2 ዓመት በላይ መቀነስ አይችልም። የወንጀል ሕጉ ደግሞ ልጅ ያገባን ሰው እስከ 3 ዓመት ያስራል፤ ልጅቷ 13 ካልሞላት እስከ 7 ዓመት። «በሃይማኖት ሥርዓት ነው የተጋባነው» ብሎ ማምለጥ የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተፈጸመ ጋብቻም ዕድሜንና የሁለቱን ፈቃድ ማሟላት አለበት። እዚህ ላይ መንግሥት የያዘው የእኛኑ ትምህርት ነው። ፈቃድ የሌለበት ጋብቻ ተክሊል ቢደፋበትም ጋብቻ አይሆንም።

እና ከሁለቱ አጥር አንዱ ሌላውን አይተካም። ሕግ የከለከለውን ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም። ሕግ የፈቀደውን ሁሉ ደግሞ አትባርክም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። የክርስትና ካርድሽን ፈልጊ። የእናትሽን ትዝታ አልናቅሁትም። ግን ያን ቀን ሕፃኗን ያቀፈችው አንዷ፣ ክርስትና እናት ተብላ የተጻፈችው ሌላዋ ሆና ያየሁበት ጊዜ አለ። አንዷ ስትታመም ጎረቤት ተክታ ትሄዳለች፤ ከዓመታት በኋላ ሰው የሚያስታውሰው ያቀፈችውን ነው። ካርዱ ከጠፋ የተጠመቅሽበት ደብር መዝገብ ይኖረዋል። ስሙ የእሷ ካልሆነ የንስሐ አባትሽ ነገሩን እንደገና ያዩታል፤ ከከበዳቸውም ሀገረ ስብከት ይጠይቃሉ።

ስሙ የእሷ ከሆነ ግን ማንም የማያውቃችሁ ደብር ሄዳችሁ ተጋቡ የሚልሽን አትስሚ። በውሸት የተጀመረ ቤት ውስጥ እንዴት ትቆርቢያለሽ? ልጁንም ብቻውን አትተዪው፤ የእሱም ልብ ተሰብሯል። የንስሐ አባታችሁ ጋ አብራችሁ ሂዱ። እናቱንም ሄደሽ ሳሚያት። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የክርስትና ልጇ የት እንደገባች ሳታውቅ የኖረች ሴት ናት።