«ቀልቤ ነግሮኝ ነበር»፦ ስለ ካሲኖ ካርታ ጠይቁኝ

ሜሪላንድ ውስጥ ካሲኖ ለ7 ዓመት ካርታ አድያለሁ፤ ብላክጃክና ባካራ። ብላክጃክ ከ21 ሳታልፍ አዳዩን የምትበልጥበት ነው፤ ባካራ ደግሞ «ባንከር» እና «ፕሌየር» ከሚባሉ ሁለት እጆች የትኛው እንደሚያሸንፍ የምትገምትበት። አሁን ሥራውን ትቻለሁ፤ ስለዚህ ሳልፈራ እናገራለሁ። «ቀልብ ካርታ ላይ ይሠራል ወይ?» ለምትሉ፣ ከመጡት ጥያቄዎች የቻልኩትን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ባካራ ላይ ባንከር 6 ጊዜ ተከታትሎ ወጣ። ቀልቤ «አሁን ፕሌየር ነው» አለኝ። ልስማው?

መልስ፦ ካርታ ተራ አያውቅም ወንድሜ። 8 ሙሉ ካርታ ተደባልቆ፣ ከ100 እጅ ባንከር ወደ 46፣ ፕሌየር ወደ 45 ያሸንፋል። የቀረው እኩል ነው። 6 ጊዜ ከወጣ በኋላም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሞንቴ ካርሎ ካሲኖ ውስጥ ሩሌት (ኳስ በሚሽከረከር ጎማ ላይ ቀይ ወይም ጥቁር ላይ የሚያርፍበት ጨዋታ) ላይ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጥቷል። «አሁንስ ቀይ ነው» ያለው ሁሉ ተበላ። ደግሞ አስበው፦ ያለፈውን ውጤት በስክሪን የሚያሳይህ፣ መመዝገቢያ ወረቀትና እርሳስ በነፃ የሚሰጥህ ካሲኖው ራሱ ነው። የሚጎዳው ቢሆን ይሰጥህ ነበር?

ጥያቄ፦ ብላክጃክ ላይ 16 ይዤ አዳዩ 10 ሲያሳይ ውስጤ «አትጨምር» ይለኛል።

መልስ፦ በዚህች እጅ ቀልብህ ምንም አያስከፍልህም። ብትጨምርም ብትቆምም ከ1 ዶላር በአማካይ ወደ 54 ሳንቲም ታጣለህ። አዳዩ 7 ሲያሳይ ግን ሌላ ነው። ከቆምክ ወደ 48 ሳንቲም፣ ከጨመርክ ወደ 41። ሰው ግን እዚህም ይቆማል። ከ21 አልፎ በራሱ እጅ ከሚቃጠል አዳዩ ቢበላው ይሻለዋል። በየቀኑ አየው ነበር። ቀልብ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይሄው ፍርሃት ነው፣ ስሙን ቀይሮ። መቼ መጨመር፣ መቼ መቆም እንዳለብህ በ1956 አራት የአሜሪካ ወታደሮች በጠረጴዛ ማስያ ቀምረው አሳትመውታል።

ጥያቄ፦ አዳዩ አስ ሲያሳይ ኢንሹራንስ (ከስር 10 አለው ብሎ በጎን የሚደረግ ውርርድ) ልግዛ? ከስር 10 እንዳለ ይሰማኛል።

መልስ፦ አትግዛ። ከ13 ዓይነት ካርታ 10 የሚቆጠሩት 4 ናቸው፤ 10፣ J፣ Q እና K። የሚከፈልህ 2 ለ1 ነው፤ እንዳትከስር ግን 2 ከሩብ ለ1 ሊከፈልህ ይገባ ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሳይንስ ራሱ ቀልብ አለ ይል የለም እንዴ? በካርታ ተፈትኗል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ልክ ነሽ። የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው፤ የአንጎል ተመራማሪዎቹ እነ አንቶኒዮ ዳማሲዮ በ1997 ያሳተሙት። ሰው ፊት 4 የካርታ ክምር ይቀመጣል። ሁለቱ ጥሩ ይከፍላሉ፣ እያደር ግን ያከስራሉ። ተጫዋቾቹ የትኛው እንደሚያከስር በአፋቸው መናገር ሳይችሉ፣ እጃቸውን ወደ መጥፎው ክምር ሲሰዱ ቆዳቸው ማላብ ይጀምር ነበር። በውጤቱ ላይ ብዙ ክርክር ተነስቷል። እኔ ግን እውነት ነው ብዬ ልቀበል። እዚያ መጥፎው ክምር እስከ መጨረሻው መጥፎ ነው። ደጋግሞ ሲቆነጥጥሽ ሰውነትሽ ይማራል። ካሲኖ ውስጥ ግን ካርታው ይበወዛል። አንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ እንዲያውም ማሽኑ ያለ ዕረፍት ይበውዛል። ሰውነትሽ ምኑን ይማር?

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር ኮንከር ስንጫወት ጓደኛዬ ምን እንደያዘ አውቅበታለሁ። ይሄስ?

መልስ፦ ይሄማ ቀልብ ነው፣ የምሬን ነው! ሰውዬውን ለዓመታት አይተኸዋል። ምን እንደጣለ፣ ምን እንዳነሳ ታያለህ። ጥሩ ሲይዝ ዝም የሚል ዓይነት ይሆናል። ፖከርም እንደዚያው ነው፤ ፊት ለፊትህ ሰው አለ። ባካራ ላይ ግን ማንን ታነባለህ? እኔን? ምን እንደማወጣ እኔም አላውቅም። ሦስተኛ ካርታ ይጨመር አይጨመር እንኳን የሚወስነው ሕጉ ነው፤ አንተም እኔም አይደለንም።

ጥያቄ፦ አንተስ ስታድል ቀልብህ አይነግርህም ነበር?

መልስ፦ እንዴታ! በተለይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ። አንድ ሰሞን ካርታው ሳይገለጥ ቀይ ይሁን ጥቁር በልቤ እገምት ነበር። ስንቱን እንዳገኘሁ ዕረፍት ላይ ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆየሁበት። ከግማሽ ፈቅ አላለም። የገረመኝ እሱ አይደለም። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ «አብዛኛውን አውቄያለሁ» ብዬ እምል ነበር። ያገኘሁት እንጂ የሳትኩት ትዝ አይለኝማ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ደሞዙን እዚያ ያስበላል። «ቀልቤ አይዋሸኝም» ይላል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ በሂሳብ አትከራከሪው። እኔም ሂሳቡን እያወቅኩ ወረቀቱን እስካይ አላመንኩም። ቤት ውስጥ ካርታ በውዢና «ቀይ ወይስ ጥቁር?» በይው። የገመተውን ጻፊ፣ ከዚያ ግለጪ። ካርታውን መልሰሽ በውዢ፣ አለበለዚያ የወጣውን እየቆጠረ ያሸንፍሻል። 100 ጊዜ ያህል ሞክሩት። ማቆም ፈልጎ ካቃተው ደግሞ፣ እዚህ ሜሪላንድ ካሲኖ እንዳይገባ ስሙን ማስመዝገብ ይቻላል። አንቺ ግን ልታስመዘግቢው አትችይም፤ ፈልጎ መፈረም ያለበት እሱ ራሱ ነው።