የታቀፈች ዶሮ ለምን ከሌሎቹ ቀድማ ትታመማለች?

ጥያቄ፦ ባለፈው ጊዜ እንቁላል የታቀፉ ሁለት ዶሮዎቼ ጫጩት በፈለፈሉ በሳምንቱ ታመሙ፤ አንዷ ሞተች። በዚያው ቤት አድረው ያንኑ መኖና ውሃ የሚጠቀሙት የቀሩት ዶሮዎች ግን ምንም አልሆኑም። አሁን ሌላዋ ከተቀመጠች 12 ቀኗ ነው። መኖ እምብዛም አትነካም፣ ከስታለች፣ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ገርጥቷል። ጎረቤቴ «ሳይብስባት አንቲባዮቲክ በውሃ በጥብጠህ ስጣት» አለኝ። ልስጣት ወይ?

መልስ፦ አይስጧት። ከጻፉልኝ ምልክቶች ውስጥ እስካሁን አንዱም ብቻውን በሽታ አይደለም። የታቀፈች ዶሮ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ያህል ተነሥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትልቅና የሚከረፋ ኩስ ትጥላለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። በ21 ቀን ውስጥ መክሳቷ አይቀርም። እንቁላል መጣሏን ስታቆም በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ይኮማተራል፣ ይገረጣል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም፤ ያለ ምክንያት በተሰጠ ቁጥር የሚያተርፈው መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ነው።

እኔን የያዘኝ ሌላው አነጋገርዎ ነው፤ «በዚያው ቤት ያሉት ምንም አልሆኑም» ያሉት። ቤቱ አንድ ይሁን እንጂ ኑሮው አንድ አይደለም። ሌላዋ ዶሮ ውሻ ስታይ ትሮጣለች፣ ስትገፋ ዞር ትላለች፣ ተባይ ሲነክሳት ቦታ ትቀይራለች። የታቀፈችው የትም አትሄድም፤ ሁሉንም በተቀመጠችበት ትቀበላለች።

ዶሮ ስትደነግጥ ከአንጎሏ የሚነሣው መልእክት በኩላሊቶቿ ራስ አጠገብ ወዳሉት አድሬናል የተባሉ ዕጢዎች ይደርሳል። እነሱም ኮርቲኮስቴሮን የተባለውን የወፎች ዋና የጭንቀት ሆርሞን ይለቅቃሉ። ፍጥነቱ ያስገርማል፤ የዱር ወፎችን የሚያጠኑ ሰዎች የወፏን ያልተረበሸ መጠን ለማወቅ ከያዟት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደሟን ለመቅዳት ይጣደፋሉ፤ ከዚያ ካለፈ የሚለኩት የእጃቸውን ድንጋጤ ነው። ሆርሞኑ ለአጭር ጊዜ ሲወጣ ጠቃሚ ነው፤ የተከማቸ ጉልበት ይለቀቃል፣ ሰውነት ለሽሽት ይዘጋጃል። ለቀናት ሳይወርድ ሲቀር ግን ሰውነት «ይህ ሊቆይ ይችላል» ብሎ ከሚያዘገያቸው ሥራዎች አንዱ በሽታ መከላከል ነው። ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በደም ውስጥ ይቀንሳሉ፣ ሄትሮፊል የተባሉት ይበዛሉ። ግሮስና ሲገል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሁለቱ ሕዋሳት ንጽጽር የዶሮ ጭንቀት መለኪያ እንደሚሆን ካሳዩ ወዲህ የዶሮ ሐኪሞች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የሄትሮፊሉ ቁጥር ለሊምፎሳይቱ ሲካፈል 0.2 አካባቢ ከሆነ ዶሮዋ ተረጋግታለች፤ ወደ 0.8 ከተጠጋ ክፉኛ ተጨንቃለች።

የታቀፈች ዶሮ ለዚህ የራሷ መከላከያ አላት። ጎጆዋ ላይ የሚያቆያት ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ነው። በማቀፍ ላይ ያሉ ብዙ ወፎችም ድንጋጤያቸውን ገታ አድርገው እንቁላላቸውን ይጠብቃሉ። ነገር ግን ልክ አለው። ጭንቀቱ ሲበረታ ፕሮላክቲን ይወርድና ወፏ እንቁላሏን ጥላ ትነሣለች። በየመንደሩ «እናትነት አታውቅም» ተብላ የምትወቀሰው ዶሮ ብዙ ጊዜ ይህ የደረሰባት ናት። ዝም ብላ መቀመጧም መረጋጋቷን አያሳይም፤ የፈራች ዶሮ ፍዝዝ ብላ ትቀራለች። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ላይ የታቀፈች ዶሮ በየማለዳው እያነሣሁ እንቁላል እቆጥር ነበር፤ ስለማትጮኽ የተስማማት መስሎኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ዶሮ። ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ደም የምትመጥጠውን ቀይዋን የዶሮ ተባይ ነው። ይህች ተባይ የአሸዋ ቅንጣት ታህላለች፤ ቀን በእንጨት ስንጥቅና በጎጆ ሥር ትደበቃለች፣ ሌሊት ወጥታ ትመገባለች። በሙቀት ወቅት ከእንቁላል ተነሥታ እስከ ሙሉ ተባይነት የምትደርሰው በሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ ዶሮዋ በተቀመጠችባቸው ሦስት ሳምንታት ውስጥ ትውልድ በትውልድ ላይ ይደራረባል። ዶሮዋ ደሟን ታጣለች፣ እንቅልፍ ታጣለች፣ የጭንቀት ሆርሞኑም አይወርድላትም። ከዚያ ጫጩት ይፈለፈላል፤ ከስታና ተዳክማ ወደ መሬት ስትወርድ ሌሎቹ የሚቋቋሙት ጀርም እሷን ይጥላታል። ያለፉት ሁለቱ በፈለፈሉ በሳምንቱ መታመማቸው ከዚህ ጋር ይሄዳል።

ተባይ ከተገኘ፣ ዶሮዋ ለመብላት በተነሣችበት ሩብ ሰዓት እንቁላሉን ለስላሳ ጨርቅ ላይ ያኑሩ። የጎጆውን ጉዝጓዝ አውጥተው ያቃጥሉ፣ ስንጥቆቹ ላይ የፈላ ውሃ ያፍስሱ፣ ካደረቁት በኋላ አዲስ ጭድ ያንጥፉ። እንቁላሉ ለዚያ ጊዜ ብቻ ቢቀዘቅዝ አይጎዳም። በሳምንቱ ይድገሙት፤ ያኔ 18ኛው ቀን ካለፈ ግን ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ያድርጉት። ለሰብል የሚረጭ ኬሚካል ግን ወደ ጎጆው እንዳይደርስ፤ ለዶሮ የተፈቀደውን ከእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ።

ሌላው ቀላል ነው። ጎጆዋን ከሌሎቹ ዶሮዎች በሰሌን ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ይከልሉ፤ ሌሎቹ እየገቡ እላይዋ እንቁላል መጣላቸው ከውሻ የማይተናነስ ረብሻ ነው። እህልና ንጹሕ ውሃ ከጎጆው አንድ ሁለት እርምጃ ርቆ ይቀመጥ። እንቁላል ማየት ካስፈለገ ማታ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከ18ኛው ቀን በኋላ ፈጽሞ አይንኩ። የፈንግል ክትባት በማቀፍ ላይ እያለች አይሰጣትም፤ የተጨነቀ ሰውነት ለክትባቱ የሚያወጣው ፀረ እንግዳ አካል አነስተኛ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የሚታቀፈውን እንቁላል መጣል ከመጀመሯ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ያስከትቡ፤ መከላከያው በአስኳሉ በኩል ለጫጩቶቹም ይደርሳል።

ሙሉ ቀን ሳትነሣ ከዋለች፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ካሳየች ወይም አንገቷ ከተጠመዘዘ ማቀፍ አይደለም፤ ከሌሎቹ ለይተው ሐኪም ይጥሩ።

ዛሬ ማታ ከመሸ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነጭ ጨርቅ ከጎጆው ጠርዝ ሥር ያስገቡና ጥቂት ቆይተው በባትሪ ይዩት። የሚንቀሳቀስ ነጥብ ካገኙ በጣትዎ ይጫኑት፤ ቀይ ጭረት ከተወ ተባይዋ ናት። በተከታታይ ሁለት ሦስት ሌሊት ምንም ካላዩ መገርጣቷ የማቀፏ ነው፤ ይተዉአት፣ ዘጠኝ ቀን ነው የቀራት።