መልስ፦ የሚጮኸው ሞተሩ ነው ወፍጮው?

የእህል ወፍጮህ ሲሠራ እንደሚጮህና ሞተሩን በስፖንጅ ልትጠቀልለው እንዳሰብክ ጽፈሃል። መጀመሪያ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ለይ፦ እህል ሳትጨምር አስነሳውና አጥፋው። ጩኸቱ ወዲያው ቀጥ ካለ ችግሩ የመብራት ነው፤ ሦስቱም ፌዝ (ወደ ሞተሩ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መስመሮች) እኩል መምጣቱን ባለሙያ ይለካልህ። እየተሽከረከረ እስኪቆም ድረስ አብሮት የሚያንስ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለኳስ ቀለበት) ወይም ቺንጋ (ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቀበቶ) ነው።

ለመለየት ዋናውን ማጥፊያ አጥፋ፣ ቺንጋውን አውልቅ፣ ከዚያ ሞተሩን ብቻውን አስነሳ። አሁንም ከጮኸ የሞተሩ ኩሽኔታ ሳያልቅ አይቀርም። ዝም ካለ ወፍጮው በኩል ፈትሽ። ረጅም ካቻቪቴ ኩሽኔታው ቤት ላይ አሳርፈህ እጀታውን ጆሮህ ሥር ብታደርግ በደንብ ይለይልሃል (ጋቢህን አውልቀህ!)። ጤነኛው እኩል ያጉረመርማል፤ ያለቀው ይፋጫል፣ ይንኳኳል። ትልልቅ ፋብሪካዎች በሴንሰር የሚከታተሉትም ይህንኑ ንዝረትና ድምፅ ነው።

ድምፁን ለመቀነስ በስፖንጅ ልጠቅልለው ያልከውን ግን እባክህ ተወው። ሞተሩ አየር አጥቶ ይግላል። ተራው ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ነው፤ እሳት ካገኘው በፍጥነት ይነዳል፣ ጭሱም መርዛማ ነው። እሳት ተከላካይ የተጨመረበት እንኳ መቀጣጠሉን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የዱቄት ብናኝ ደግሞ ራሱ ተቀጣጣይ ነው። ቡሬ አካባቢ እንዲህ የተጠቀለለ ሞተር አይቻለሁ፤ ስፖንጁ በጤፍ ብናኝ ተሞልቶ ጠርዙ ጠቁሮ ነበር። ፍኖተ ሰላም ኩሽኔታ አታጣም፤ ቁጥሩን ከአሮጌው ላይ አንብበህ ቀይረው።