ካርዱ የጤና ጣቢያው ነው፣ መረጃው ግን የእናትሽ ነው

ለረጅም ዓመታት ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ። ጤና ጣቢያም፣ ሆስፒታልም። አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ ከተማ ዳር፣ ከመሀል ተነስቶ የመጣ ሰው ብዙ ነው። የሕክምና ታሪኩ ግን አብሮት አልመጣም። ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለዚሁ ጉዳይ ናቸው። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፤ የብዙ ቤት ጥያቄ ነውና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ሲነሳ ገላን ጉራ ቤት ደረሰን። እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ክትትሏ ድሮ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ነበር። እዚህ ስንሄድ አዲስ ካርድ አወጡልንና “የቀድሞ ታሪኳን አምጡ” አሉን። ወደ ድሮው ስንመለስ “ካርድ አይወጣም” ተባልን። እናቴ 70 ዓመት አልፏታል፤ ታክሲ እየቀያየረች መመላለስ አትችልም። ምን እናድርግ? (ከገላን ጉራ)

መልስ፦ እህቴ፣ ለእናትሽ ምሕረቱን ያውርድላቸው።

ሁለቱም የነገሩሽ እውነት ነው። ግን ግማሹን ነው የነገሩሽ። ካርዱ፣ ማለትም ሐኪሙ የሚጽፍበት ፎልደር፣ ከተቋሙ አይወጣም። የተቋሙ ሰነድ ነው። ታክሲ ላይ ቢረሳ ምትክ የለውም። ነገ ክርክር ቢነሳ ማስረጃው እሱ ነው። ስለዚህ በዚህ አትቀየሚያቸው። ካርዱ አይወጣም ማለት ግን ውስጡ ያለው መረጃ አይወጣም ማለት አይደለም። መረጃው የእናትሽ ነው። ይህን መስኮቱ ላይ ያለ ሰው አለመናገሩ ያበሳጨኛል። አሮጊት እናት ይዞ ከገላን ጉራ ካዛንቺስ ድረስ ለመጣ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ምን ይከብዳል?

አሁን ስትሄጂ “ካርዱን ስጡን” አትበዪ። “የክትትል ማጠቃለያ ይጻፍልን፣ ገላን ጉራ ወዳለው ጤና ጣቢያ በሪፈር እንዛወር” በዪ። ይህንንም ካርድ ክፍል አትጠይቂ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ካርዱን ከመደርደሪያ ታወጣለች እንጂ ማጠቃለያ መጻፍ አትችልም። እሷን ስትጠይቂያት የምታውቀውን ትነግርሻለች፤ “አይወጣም” ትልሻለች። ማጠቃለያ የሚጽፈው ክትትል ክፍል ያለው ባለሙያ ነው። እንደማንኛውም ታካሚ ካርዱን አስወጪና እሱ ጋ ግቢ። ሰኞ ጠዋት ባትሄጂ ይሻላል። የሰኞ ሰልፍ ላይ ያለ ሐኪም ረጋ ብሎ ማጠቃለያ አይጽፍልሽም።

የካርድ ቁጥሩን ይዘሽ ሂጂ። ፎልደሮቹ የሚደረደሩት በስም አይደለም፣ በቁጥር ነው። ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሿ ካርድ ካለች ነገሩ ቀላል ነው። ከጠፋች ፍለጋው በስም ይሆናል፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ይመጣል። ፀሐይ የምትባል ሴት አንዱ ጋ “ፀሐይ”፣ ሌላው ጋ “ጸሀይ” ተብላ ትጻፋለች። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ስሙ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገባው፤ አንዲት ፊደል ከጎደለች “የለም” ይላል። ትልልቅ እናቶች የሚጠሩበት የቤት ስምና መታወቂያቸው ላይ ያለው ስም የተለያየበትም ጊዜ አለ። ዕድሜማ ተዪው፤ አምና 65 ያሉት ዘንድሮ 72 ይላሉ። ስለዚህ ስም ከነአባትና አያት፣ በሌላ ስም ይጠሩ እንደሆነ፣ ያኔ የሰጣችሁት ስልክ ቁጥርና ለመጨረሻ ጊዜ የታዩበትን ወር ጽፈሽ ያዢ። ይህ ሁሉ ካለ ጥሩ ሠራተኛ ታገኘዋለች። ያለዚያ ትሰለችና አዲስ ካርድ ታወጣለች። አዲስ ካርድ ማለት ባዶ ካርድ ማለት ነው።

ባዶ ካርድ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። የት እንደሆነ ይቅር። አንድ አባት በስማቸው አጻጻፍ ምክንያት ሁለት ካርድ ወጥቶላቸው ነበር። “ፔኒሲሊን አይስማማቸውም” የሚለው በቀይ የተጻፈው አሮጌው ላይ ነው። ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው አዲሱ ነው። መርፌ ታዘዘላቸው። መርፌ ክፍል በር ላይ ልጃቸው “እሱን መድኃኒት እኮ አትወጋም ተብሎ ነበር” ባትል ኖሮ ምን ሊደርስ እንደሚችል አስቢው። እኔ ከዚያ ወዲህ “ሌላ ካርድ ኖሮዎት ያውቃል?” ሳልል ለማንም አዲስ ካርድ አላወጣሁም።

ማጠቃለያው ሲሰጥሽ እዚያው ቆመሽ አንብቢው። “የስኳርና የግፊት ታካሚ ናቸው” ብቻ ካለ አልበቃም። ይህንንማ እናትሽ ራሳቸው ይናገሩታል። ሕመሙ የተገኘበት ጊዜ ይኑርበት። አሁን የሚወስዱት መድኃኒት ስሙና መጠኑ ይኑርበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀድሞ ተሞክሮ የተተወ መድኃኒት ካለ፣ ለምን እንደተተወ ይጻፍ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለምሳሌ ኢናላፕሪል የሚባል የግፊት መድኃኒት አለ። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን የማይለቅ ደረቅ ሳል ያመጣል። የእናትሽ ሐኪም ሳሉን አይቶ ወደ አምሎዲፒን ቀይሮላቸው ይሆናል። የገላን ጉራው ሐኪም ይህን ካላወቀ መልሶ ኢናላፕሪል ሊያዝ ይችላል። ሳሉ ይመለሳል። ከዚያ የአክታ ምርመራ፣ የደረት ራጅ፣ ሽሮፕ። አንድ መስመር ባለመጻፉ ይህ ሁሉ እንግልት።

ከላብራቶሪ ውጤቶች የቅርብ ጊዜዎቹን ኮፒ ጠይቂ። የሦስት ወር አማካይ ስኳርና የኩላሊት ምርመራ ካላቸው እነሱን አስቀድሚ። ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ የኩላሊቱ ውጤት የግድ ነው፤ ሐኪሙ መጠኑን የሚወስነው እሱን አይቶ ነው። ዓይናቸው የታየበት ቀንም ይጻፍ። የስኳር ሕመምተኛ ዓይን ደህና እያየም ቢሆን በየጊዜው መታየት አለበት።

እናትሽ መሄዳቸው ግድ አይደለም። “ልጄ መረጃዬን እንድትወስድ ፈቅጃለሁ” ብለው ይፈርሙ፣ የመታወቂያቸውን ኮፒ አያይዢ፣ ያንቺንም መታወቂያ ያዢ። አንዳንዱ ተቋም በዚህ ይስማማል። አንዳንዱ ከሰነዶች ማረጋገጫ የመጣ ውክልና ካልሆነ እሺ አይልም። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። የጤና መድህን አባል ከሆናችሁ፣ አባልነቱም ወደ አዲሱ ወረዳ መዛወሩን አረጋግጪ። በመድህን ሆስፒታል የሚኬደው ከጤና ጣቢያ በሪፈር ነው።

እምቢ ቢሉስ? መጀመሪያ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አነጋግሪ። አብዛኛው ነገር እዚያ ያልቃል። ካላለቀ ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢ፤ ቀንና ፊርማ ያለበት ቅጂ በእጅሽ ይቅር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማንም ሰው ስለራሱ የተያዘን መረጃ የማግኘት፣ ስህተት ካለበትም የማሳረም መብት ሰጥቷል። ይህን ደብዳቤው ላይ ጥቀሺው። ከዚያ በኋላ የክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት አለ። ግን እህቴ፣ በቁጣ አትጀምሪ። ካርድ ክፍል ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጮኽበት ነው የሚውለው። “እናቴን እርዱልኝ” ያለ ሰው ቶሎ ይስተናገዳል።

ወረቀቱን ካገኘሽ በኋላ ዋናውን ቤት አስቀሪና ኮፒውን ገላን ጉራ አዲሱ ካርድ ውስጥ እንዲያያዝ አድርጊ። በእጅሽ ሰጥተሽ ብቻ አትውጪ። ካርዱ ውስጥ ሲገባ እዪ።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ወገቧን ታማ ኤምአርአይ ተነሳች። ሲዲና ፊልም ሰጡን። ውጭ ያለው ልጃችን “ላኩልኝ፣ እዚህ ሐኪም ላሳየው” አለ። ፊልሙን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ብልክለት ሐኪሙ “አይነበብም” አለው። ጎረቤቴ ደግሞ ሐኪሞች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልለጥፍልህ ይለኛል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይማርልዎ። ሐኪሙ እውነቱን ነው። ኤምአርአይ አንድ ፎቶ አይደለም። ወገቡን በስሱ እየከፈለ ያነሳቸው ብዙ ምስሎች ናቸው። ፊልሙ ላይ የሚታተመው የተወሰነው ብቻ ነው፤ ሲዲው ውስጥ ግን ሁሉም አለ። ስለዚህ የሚላከው የሲዲው ይዘት ነው። ሙሉውን፣ እንዳለ። ከውስጡ አንድ ፋይል መርጠው ቢልኩ አይበቃም። የዛሬ ላፕቶፕ የሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ፍላሽ ላይ ያስገልብጡ። ሲጨርሱ ከኮምፒውተራቸው እንዲያጠፉት ፊትዎ ይደረግ። የባለቤትዎ ሙሉ ስምና ዕድሜ እያንዳንዱ ምስል ላይ አለ። ከፍላሹ በኢንተርኔት እንዴት እንደሚላክ ልጅዎ ያውቃል፤ እሱን ይጠይቁት።

ከምስሉ ጋር የራዲዮሎጂስቱን ንባብ አይርሱ። አንድ ወይም ሁለት ገጽ ወረቀት ነው፤ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። እሱን ብርሃን ያለበት ቦታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ አራቱም ጠርዝ እንዲታይ አድርገው በስልክ ቢያነሱት ይበቃል። የት እንደሚያማቸው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እግራቸው ይደነዝዝ እንደሆነ እርስዎ በአማርኛ ጽፈው ይላኩ። ልጅዎ ይተረጉመዋል። ይህ ሳይኖር ምስል ብቻ አይቶ መልስ የሚሰጥ ሐኪም ይበዛል፣ እኔ ግን አልወደውም።

ግሩፑን ግን እባክዎ ይተዉት። ብዙ ሺህ ሰው ያለበት ቦታ ነው። አንዴ ከተለጠፈ ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ጎረቤትዎ ክፉ አስበው አይደለም፣ ግን ገመናው የባለቤትዎ ነው። ለልጃችሁም ቢሆን ከመላክዎ በፊት እሳቸውን ይጠይቋቸው። እሺ ይላሉ፤ ሆኖም መጠየቅ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ቂሊንጦ አካባቢ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ታምሜ ሐኪም እረፍት ሰጠኝ። የሰው ኃይል ኃላፊው የእረፍት ወረቀቱን አልቀበልም አለ። “ሙሉ ካርድሽን ኮፒ አድርገሽ አምጪ፣ ምን እንዳመመሽ ልይ” ይለኛል። ሕመሜ የማህፀን ነው፣ ለእሱ መናገር አልፈልግም። ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ የለብሽም፣ ልጄ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ለሕመም ፈቃድ የሚጠይቅሽ እውቅና ካለው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ነው። የካርድሽን ኮፒ አይደለም። ያንን ካቀረብሽ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው፤ ቀጣዩ ሁለት ወር ከግማሽ ደመወዝ ጋር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ኃላፊው ራሱ ሐኪም ቤት ሄዶ ቢጠይቅም አይነግሩትም። ባለሙያው ያለ ፈቃድሽ ምስጢርሽን ቢያወጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ይጠየቃል።

ወረቀቱ ሐሰተኛ መስሎት ከሆነ ማጣራት ይችላል። ለተቋሙ ደብዳቤ ጽፎ “ይህ ማስረጃ ከእናንተ ወጥቷል ወይ?” ብሎ ይጠይቅ። መልሱ “አዎ” ወይም “አይደለም” ነው፤ ምን እንዳመመሽ አይጨምርም። አሁንም አልቀበልም ካለ ማስረጃውን በደብዳቤ አያይዘሽ መዝገብ ቤት አስገቢና ቅጂሽ ላይ አስፈርሚ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ አሳውቂያቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ብዙ የእረፍት ወረቀት ላይ “ምርመራ” የሚል ቦታ አለና ሐኪሙ ከልማድ የበሽታውን ስም ይሞላበታል። ወደፊት ወረቀቱ ሳይጻፍ በፊት “ለመሥሪያ ቤት ስለሆነ የሕመሙ ስም ባይጠቀስ” ብለሽ ንገሪው። ከዚያ ክፍሉን ሳትለቂ የሐኪሙ ፊርማ፣ የተቋሙ ማኅተም፣ እረፍቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን መኖራቸውን እዪ። ማኅተሙ የሚመታው ብዙ ጊዜ ሌላ ክፍል ነው፤ ሳያስመቱ የሚሄዱ ብዙ ናቸው።