የጠገበው ከሰል የት ይደርሳል? ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲገባ የቧንቧው ውሃ ይደፈርሳል፤ የእኔም ሳጥን በውሃ ጥያቄ ይሞላል። የዛሬዎቹ ሁሉ ስለ ማጣሪያ ናቸው።

አንዲት እናት ከደብረ ማርቆስ፦ ከምድጃ የተረፈ ከሰል አጥበው እንስራ ውስጥ ቢጨምሩት ውሃው ይጸዳ እንደሆን ይጠይቃሉ። ጎረቤታቸው «ፍቱን ነው» ብላቸዋለች።

ሽታውን ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁ። ፊልተር ውስጥ ያለው አክቲቭ ካርቦን የሚባለው ከሰል በከፍተኛ ሙቀት፣ በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ተቦርቡሮ የተሠራ ነው። የአንዷ ግራም ቀዳዳዎች ውስጣቸው ቢዘረጋ ከ500 ካሬ ሜትር ያልፋል። ቆሻሻው የሚለጠፈው እዚያ ላይ ነው። የምድጃዎ ከሰል ያን ያህል ቀዳዳ የለውም። ጀርም ደግሞ በከሰል አይሞትም። ውሃውን ያፍሉት። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለምታልፍ፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ከባሕር ዳር፦ የፊልተሬን ካርቦን ከገዛሁት ጀምሮ አልቀየርኩም፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ችግር አለው?

አለው። ቀይረው።

የኬሚስትሪ ተማሪ፦ የጣናን እምቦጭ አድርቀን፣ አክስለን፣ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮም (ለቆዳ ማልፊያ የሚውለውን ብረት) ብናስወግድበትስ? ሐይቁም ይድናል፣ ዓባይም ይጠራል ባይ ነው።

ሐሳብህን ወድጄዋለሁ። የእምቦጭ ከሰል ክሮምም የጨርቅ ቀለምም እንደሚይዝ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ግን እዚያ የምትሞክረው ንጹሕ ውሃ ላይ ራስህ ባሟሟኸው ክሮም ነው፤ ፒኤቹንም (የአሲድነቱን መጠን) አንተው ታስተካክለዋለህ። የፋብሪካው ፍሳሽ ጨው አለው፣ ስብ አለው፣ ሰልፋይድ አለው። ሁሉም ለዚያችው ቀዳዳ ይጋፋሉ። በዚያ ላይ እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። 100 ኪሎ ነቅለህ ስታደርቀው 10 ኪሎ አይሞላም፤ ሲከስል ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ክሮም የጠገበውን ከሰል የት ትጥለዋለህ? የማያቸው ጥናቶች አብዛኞቹ «ይህን ያህል በመቶ ተወገደ» ብለው ያበቃሉ። ክሮሙ እኮ የትም አልሄደም፤ ከውሃው ወደ ከሰሉ ተዛወረ እንጂ። ሜዳ ላይ ከደፋኸው ዝናብ ያጥበዋል። በአሲድ ካጠብከው ክሮም የሞላበት አሲድ ታቅፈህ ትቀራለህ። የከፋው ግን ማገዶ ሲሆን ነው፤ በእኛ አገር ከሰል የሚመስል ነገር ደጅ ወድቆ አያድርም። ሲቃጠል ክሮሙ ወደ መርዘኛው ክሮም 6 ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ከመመረቂያ ጽሑፍህ ምዕራፎች መጀመሪያ የአወጋገዱን ጻፈው። አማካሪህ ካኮረፈ ወደ እኔ ላከው።

ከቡሬ፦ ዝዋይ ያለችው እህቴ ልጆቿ ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ ውሃው ነው አሉ። የአዊ ከሰል በጆንያ ልላክላት?

ለወጥ መሥሪያ ከሆነ ላኪላት። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ችግር ፍሎራይድ ነው፤ የእንጨት ከሰል አይይዘውም፣ ማፍላትም ያባብሰዋል። የአጥንት ከሰል ይይዘዋል፤ በደንብ ካልተቃጠለ ግን ውሃውን ያገማዋል፣ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ውሃውን ላቦራቶሪ ወስዳ ታስለካ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። «ባለሙያ አማክሩ» የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። ሳይለካ ምንም ማጣሪያ እንዳትገዛ።

ከዳንግላ፦ ውሃ አጋር የምጨምረው ከካርቦን ፊልተሩ በፊት ነው በኋላ?

በኋላ። ካርቦን የውሃ አጋርን ክሎሪን ይበላዋል። ጨምረህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ።